ከእጅ ወደ እጅ፦ ታላላቅ ልብ ወለዶቻችን እንዴት እዚህ ደረሱ?

(በገራዶ ለሕዝብ የቀረበ ትምህርታዊ ንግግር)

 

የዛሬው ትምህርታችን መጽሐፍ ስለ መዋዋስ ነው። አንድ ትልቅ ልብ ወለድ ከአንባቢ ወደ አንባቢ ሲተላለፍ መጽሐፉ ምን እንደሚሆን፣ እኛንም ምን እንደሚያደርገን እንነጋገራለን። ከአንድ ጥያቄ ልነሣ።

የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» የታተመው በ1958 ዓ.ም ነው። ከ500 ገጽ በላይ ያለው ወፍራም መጽሐፍ ነው። በዚያ ዘመን ከአሥር ኢትዮጵያዊ ዘጠኙ ማንበብ አይችልም ነበር። መጽሐፍ የሚሸጠው በአዲስ አበባና በጥቂት ትልልቅ ከተሞች ነው፤ ከደሴ ወጣ ብሎ ወደ ወረኢሉም ሆነ ወደ ሳይንት ለሚሄድ ሰው የመጽሐፍ መደብር የሚባል ነገር አይታሰብም። ይህ ሁሉ ሆኖ የመጽሐፉን ገጸ ባሕርያት በዛብህንና ሰብለ ወንጌልን የማያውቅ አገር የለም። መጽሐፉን ነክቶ የማያውቅ ሰው አንዱን ደፋር ተናጋሪ «እሱማ ጉዱ ካሣ ነው» ሲለው ትሰማላችሁ። ሴት ልጇን ሰብለ ወንጌል ብላ የጠራች እናት ፊደል ያልቆጠረች ልትሆን ትችላለች። ታዲያ ይህ መጽሐፍ በየቤቱ የገባው በየት በኩል ነው?

መልሴን አስቀድሜ ልናገር። ማተሚያ ቤት መጽሐፉን አተመው፤ አገር ያዳረሰው ግን አንባቢው ነው። አንዱ አንብቦ ለሌላው ሰጠ፤ ሌላው ጮክ ብሎ ለማያነብ አነበበ፤ የሰማው ደግሞ ላልሰማው ተረከ። ልብ ወለድ ዘመን ተሻግሮ የሚኖረው ደራሲው ስለተካነ ብቻ አይደለም። አንብበው ሲጨርሱ «እንካ፣ አንተም አንብበው» የሚሉ ሰዎች ስላሉለት ነው። ይህ ልማድ ነው፤ ልማድ ደግሞ ካልያዙት ይላላል። በእኛ ዘንድ እየላላ ነው። መልሰን ልናጠብቀው እንደምንችል ላሳያችሁ ነው የመጣሁት።

በእጄ ያለውን ይህን የ«ፍቅር እስከ መቃብር» ቅጂ ተመልከቱ። ሽፋኑ የራሱ አይደለም፤ የድሮው ተገንጥሎ በካርቶን ተተክቷል፤ ካርቶኑም በአሮጌ የግድግዳ ካላንደር ተለብጧል። ጀርባው በጆንያ መስፊያ ክር ተሰፍቷል። የገጾቹ ጥግ፣ አውራ ጣት የሚያርፍበት ቦታ፣ ጠቁሯል። በመጀመሪያው ባዶ ገጽ ላይ ያነበቡት ሰዎች ስማቸውን በየእጅ ጽሑፋቸው ዘርዝረዋል፤ አንደኛው በቀይ እስክሪብቶ «አደራ፣ ገጽ አታጥፉ» ብሎ አስጠንቅቋል። መጽሐፉን ጠረጴዛ ላይ ብትለቁት በራሱ የሚከፈትበት ቦታ አለ፤ ጉዱ ካሣ የአገሩን ሥርዓት የሚተችበት ክፍል ነው። ብዙ ሰው እየተመለሰ የከፈተው እዚያ ጋ ነው ማለት ነው። ወደ መጨረሻው ሲደርስ አንድ ቅጠል ተቀዶ ጠፍቷል፤ በእሱ ፈንታ ግን አንድ ሰው የጎደለውን ከሌላ ቅጂ ላይ በደብተር ወረቀት ገልብጦ፣ መስመሩን ጠብቆ፣ በሙጫ አጣብቆ አስገብቶታል። ይህ ሰው መጽሐፉን አንብቦ ጨርሷል፤ ታሪኩ እንዴት እንዳለቀ ያውቃል። የደከመው ለራሱ አይደለም፤ ከእሱ ቀጥሎ ለሚያነበው ሰው ነው። እኔ ዛሬ ከምናገረው ሁሉ ይህች አንዲት ቅጠል ትበልጣለች።

መጽሐፉ ወደ አገር የወጣባቸው መንገዶች ብዙ ናቸው። የመጀመሪያው ተማሪ ነው። በዚያ ዘመን ከወሎ ገጠር የተነሣ ልጅ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ሲፈልግ ደሴ ይመጣል፤ በወይዘሮ ስኂን ትምህርት ቤት ከየአውራጃው ከመጡ እኩዮቹ ጋር ይገናኛል። አንዱ ያገኘውን መጽሐፍ ሌላው ይዋሰዋል። ክረምት ሲገባ ልጆቹ ወደየአገራቸው ሲበተኑ ልብ ወለዱም አብሯቸው ይጓዛል። ማታ ኩራዝ በርቶ፣ ልጅ ሲያነብ አባት ይሰማል፣ ጎረቤት ይጠራል። አንድ ቅጂ በአንድ ክረምት አንድ መንደር ያጠግባል።

ሁለተኛው የመጽሐፍ አከራይ ነው። በየከተማው በትንሽ ሱቅ ወይም በመንገድ ዳር መጽሐፍ ደርድረው የሚያከራዩ ሰዎች ነበሩ። መያዣ ታስይዛለህ፣ በቀን ሳንቲም ትከፍላለህ። ኪራዩ እንዳይቆጥርብህ ሌሊቱን ስታነብ ታድራለህ። ሦስት ጓደኛሞች አንድ ኪራይ አዋጥተው ይከራያሉ፤ አንዱ ቀን፣ አንዱ ማታ፣ አንዱ ከሌሊቱ አጋማሽ በኋላ ያነባል። እነዚያ አከራዮች መጽሐፍ የመግዛት አቅም የሌለውን ትውልድ አንባቢ ያደረጉ ሰዎች ናቸው፤ ውለታቸው ሲነገር ግን አልሰማም።

ሦስተኛው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነው። በ1971 ዓ.ም ዘመቻው ሲጀመር በየቀበሌው ሰው ከእርሻና ከገበያ መልስ ፊደል ሊቆጥር ተቀመጠ። ፊደል የለየ ሰው ደግሞ የሚያነበው ይፈልጋል። ከማስተማሪያው መጽሐፍ ቀጥሎ ምን ያንብብ? ያስተማሩት ወጣቶች በኪሳቸውና በቦርሳቸው የያዟቸው ልብ ወለዶች ነበሩ። ለብዙ አዲስ አንባቢ የመጀመሪያው ትልቅ መጽሐፍ ከአስተማሪው የተዋሰው ነው።

አራተኛውና ትልቁ መንገድ ሬዲዮ ነው። በ1970ዎቹ ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» በተባለው ዝግጅት «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ከዳር እስከ ዳር አነበበው። ሰዓቱ ሲደርስ አንድ ሬዲዮ ባለበት ቤት ደጃፍ ጎረቤቱ ሁሉ ይሰበሰብ ነበር። ባትሪ እንዳያልቅ ቀን ቀን ሬዲዮ አይከፈትም፤ የደከመ ባትሪ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። የዚያ ዘመን ሰዎች ዛሬ መጽሐፉን ሲያነቡ የሚሰሙት የራሳቸውን ድምፅ አይደለም፤ የወጋየሁን ነው። ፊታውራሪ መሸሻ ሲቆጡ፣ ሰብለ ስታዝን፣ ጉዱ ካሣ ሲሞግት ድምፁ የእሱ ነው። ወጋየሁ በ1982 ዓ.ም አረፈ፤ ንባቡ ግን ዛሬም በዩቲዩብ ይደመጣል።

ልብ በሉ፤ ያን ንባብ በሬዲዮ የሰማው ገበሬ ተራ ተረት አልሰማም። ፊታውራሪ መሸሻ ከደንቡ በላይ ግብር ሲጠይቁ፣ ባላገሩም በአበጀ በለው መሪነት እምቢ ሲል፣ ገበሬው በራሱ ወይም በአባቱ ላይ የደረሰውን ነው የሰማው። የገጠር መሬት የሕዝብ ነው ተብሎ በ1967 ዓ.ም ከታወጀ ገና ብዙ ዓመት አልሆነውም ነበር። ሬዲዮው ከተዘጋ በኋላ ክርክሩ ይቀጥላል። «ፊታውራሪው ልክ ናቸው፣ ሥርዓት ነው» የሚል ሽማግሌና «የለም፣ ግፍ ነው» የሚል ወጣት ይሟገታሉ። አንድ ልብ ወለድ ብቻህን ስታነበው ታዝናለህ ወይም ትደሰታለህ፤ ከሌላ ሰው ጋር ስትጋራው ግን ስለ አገርህ ማሰብ ትጀምራለህ። መጽሐፍ መዋዋስ ዋና ጥቅሙ ገንዘብ መቆጠቡ አይደለም። ሁለት ሰዎች ስለ አንድ ነገር የሚነጋገሩበት የጋራ መነሻ መስጠቱ ነው።

ይህ ልማድ ለወሎ እንግዳ አይደለም። ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው መቶ ዘመን በአባ ኢየሱስ ሞአ ዘመን የታወቀ የትምህርትና የመጽሐፍ ማዕከል ነበር። አባ ኢየሱስ ሞአ ባስጻፉት ወንጌል ውስጥ ለገዳሙ የሰጧቸው መጻሕፍት በዝርዝር ተመዝግበዋል፤ ከ80 በላይ ናቸው። ይህ በአገራችን ከሚታወቁት የመጽሐፍ ዝርዝሮች ሁሉ ቀደምት ከሆኑት አንዱ ነው። ከሐይቅ የተማሩ መነኮሳት ወደየአገሩ ሲሄዱ የገለበጧቸውን መጻሕፍት ይዘው ሄደዋል። በብራና መጻሕፍት ላይ የሰረቀውንና ጽሑፉን የፋቀውን የሚያወግዝ ቃል የሚጻፈውም ለዚህ ነው። ውግዘቱ ክፋት አይደለም፤ መጽሐፍ ከእጅ ወደ እጅ የሚዘዋወር ከሆነ የሚጠብቀው ሕግ ያስፈልገዋል ማለት ነው።

በእስልምናው ወገንም እንዲሁ ነው። በጀማ ንጉሥ፣ በዳናና በሌሎችም የወሎ የዕውቀት ማዕከላት ደረሳው ኪታብ ከሸኹ ይቀበላል፣ ይገለብጣል፣ ለሌላው ያስተላልፋል። የሸኽ ጠልሐ ጀዕፈር የአማርኛ መንዙማ በአረብኛ ፊደል እየተጻፈ፣ ከዚያም በላይ በቃል እየተጠና ነው ትውልድ የተሻገረው። ማንበብ ያልቻለ ሰው በድቤ እያጀበ ይይዘዋል። እንግዲህ እኛ የቄስም የሸኽም ልጆች ነን፤ ጽሑፍን በአደራ ተቀብሎ በአደራ ማስተላለፍን ከማንም ልንማረው አያስፈልገንም። የሚቀረን ይህንኑ ለልብ ወለዶቻችንም ማድረግ ነው።

መጽሐፍ መዋዋስ አደገኛ የሆነበት ዘመንም ነበር። በዓሉ ግርማ «ኦሮማይ»ን ያሳተመው በ1975 ዓ.ም ነው። ደርግ በኤርትራ ስላካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ የሚተርከው ይህ ልብ ወለድ ከወጣ ከጥቂት ቀናት በኋላ ከየመደብሩ እንዲሰበሰብ ተደረገ። ደራሲው ከሥራው ተባረረ፤ የካቲት 1976 ዓ.ም ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። መጽሐፉ ግን አልቀረም። አስቀድሞ የተሸጠው ቅጂ በድብቅ መዞር ጀመረ። ከተተመነበት ዋጋ ብዙ እጥፍ ተሸጠ፤ ፎቶ ኮፒ ተደረገ፤ ሽፋኑ በሌላ ወረቀት ተለብጦ ለአንድ ሌሊት ብቻ በውሰት ተሰጠ። የሚያውሰው ሰው የሚያውሰው ለሚያምነው ሰው ብቻ ነው፤ ምክንያቱም የተዋሰው ሰው ቢያዝ ሁለቱም አለቁ። መንግሥት አንድን መጽሐፍ ከመደብር መሰብሰብ ይችላል፤ በሚተማመኑ ሰዎች መካከል የሚዞረውን ግን ለማግኘት ይቸገራል። ዛሬ «ኦሮማይ»ን በነፃነት የምናነበው እነዚያ ሰዎች ስለተማመኑ ጭምር ነው።

ከዚህም የሚበልጥ አንድ ታሪክ አለ። ገጣሚውና ጋዜጠኛው ነቢይ መኮንን በደርግ ዘመን ለዓመታት ታስሮ ነበር። በእስር ቤቱ ውስጥ የማርጋሬት ሚቼል «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» የተባለው የአሜሪካ ልብ ወለድ እጁ ገባ፤ እ.ኤ.አ. በ1936 የታተመና ከ1,000 ገጽ በላይ ያለው መጽሐፍ ነው። መጽሐፉ አንድ፣ አንባቢው ብዙ፣ እንግሊዝኛ የማያነበው ደግሞ ከሁሉ የበዛ ነበር። ነቢይ ወደ አማርኛ ሊመልሰው ተነሣ። ደብተር አይፈቀድም። ስለዚህ የጻፈው በሲጋራ ፓኮ ውስጥ ባለው ስስ ወረቀት ላይ ነው። እስረኛው ሁሉ የሲጋራውን ወረቀት ሳይጥል ያጠራቅምለት ነበር። በመጨረሻ 3,000 ያህል ወረቀት ሞላ። የተረጎመውን ለጓዶቹ ያነብላቸው ነበር፤ የአሜሪካ እርስ በርስ ጦርነት ታሪክ በጦርነት ውስጥ ባለች አገር እስረኞች ጆሮ ገባ።

ቀጥሎ ያለውን በደንብ ስሙ። እነዚያ ወረቀቶች ከእስር ቤት የወጡት በአንድ ጊዜ አይደለም። እስረኛ በተፈታ ቁጥር ጥቂት ጥቂት ቅጠል በሲጋራ ፓኮ ውስጥ ደብቆ ያወጣ ነበር። ቢያዝ የገዛ ነፃነቱን በር ላይ ይነጠቃል። ነቢይ ራሱ ከተፈታ በኋላ ወረቀቶቹን ከየሰዉ እየፈለገ ለመሰብሰብ ብዙ ደከመ። ተሰብስበውም «ነገም ሌላ ቀን ነው» በሚል ርእስ ታተሙ። አስቡት፤ እያንዳንዱ የተፈታ እስረኛ የያዘው የታሪኩን ቁራጭ ብቻ ነው። ለብቻው ሲያነቡት ትርጉም የለውም። ሁሉም ካልጠበቁት መጽሐፍ አይሆንም። ሰው ራሱ በተራበበትና በተሰቃየበት ቦታ የሌላውን ሰው ንባብ እንደ አደራ ከጠበቀ፣ እኛ በሰላም ቤታችን ተቀምጠን የተዋስነውን መጽሐፍ ላለመመለስ ምን ምክንያት እናቀርባለን?

በሌላው ዓለምም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። በኩባ፣ ሃቫና ከተማ፣ እ.ኤ.አ. ከ1865 ጀምሮ የሲጋር ፋብሪካ ሠራተኞች ከደመወዛቸው እያዋጡ አንድ አንባቢ ይቀጥሩ ነበር። እነሱ ቅጠሉን ሲጠቀልሉ እሱ ከፍ ባለ ወንበር ላይ ተቀምጦ ጋዜጣና ልብ ወለድ ያነብላቸዋል። የሚነበበውን የሚመርጡት ሠራተኞቹ ራሳቸው ነበሩ። ከሁሉ የወደዱት የአሌክሳንደር ዱማን «የሞንቴ ክሪስቶ መስፍን» ነበር፤ «ሞንቴክሪስቶ» የሚባለው ታዋቂ ሲጋር ስሙን ያገኘው ከዚያ ልብ ወለድ ነው። በሶቪየት ኅብረት ደግሞ የሚኻኢል ቡልጋኮቭ «ማስተርና ማርጋሪታ» ደራሲው ከሞተ ከብዙ ዓመት በኋላ ተቆራርጦ ሲታተም፣ አንባቢዎች የተቆረጠውን ክፍል በታይፕ እየመቱ እርስ በርስ ተቀባበሉት። በእጄ ባለው ቅጂ ላይ የጎደለውን ቅጠል የሞላው ወገናችን ያደረገውም ይህንኑ ነው። ሰው በየትም አገር ሰው ነው፤ የወደደውን ታሪክ ጎድሎ እንዲቀር አይፈቅድም።

አሁን ወደ ራሳችን እንመለስ። ልማዱ እየላላብን ነው ብያለሁ። ልማዱን ያላሉት ነገሮች ሦስት ናቸው።

አንደኛው የተዋሱትን አለመመለስ ነው። ሰው ገንዘብ ሲበደር ይመልሳል፤ መጽሐፍ ሲሆን ግን «መጽሐፍ ነው እኮ» ይላል። አባቶቻችን «ሰማይ ሩቅ፣ አደራ ጥብቅ» ያሉት መጽሐፍን ሳይጨምሩ አይደለም። አንድ ቅጂ ሳይመለስ ሲቀር የተጎዳው ባለቤቱ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ባለቤቱ ከዚያ ወዲያ ለማንም አያውስም፤ ከእሱ ቀጥሎ ሊያነቡ የነበሩት ሁሉ ተጎድተዋል። አደራ በላ አንድ ሰው ብቻ አይበድልም።

ሁለተኛው መጽሐፍን ቆልፎ ማስቀመጥ ነው። በየቤታችን ሳሎን በመስታወት ውስጥ የተደረደሩ፣ አቧራ የጠጡ መጻሕፍት አሉ። እንዳይበላሹ ብለን እንቆልፋቸዋለን። በ2014 ዓ.ም የሰሜኑ ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን፤ ትምህርት ቤቶቻችን፣ ወሎ ዩኒቨርሲቲ፣ የደሴ ሙዚየም ተዘረፉ፣ ተጎዱ። በአንድ ቦታ የተከማቸ መጽሐፍ በአንድ ቀን ሊጠፋ ይችላል። በሃምሳ ቤት የተበተነ መጽሐፍ ግን ሃምሳው ቤት ካልጠፋ አይጠፋም። ቤተ መጻሕፍት ያስፈልገናል፤ እንዲታደስም እንዲስፋፋም እንጠይቅ። የሚዞረው መጽሐፍ ግን የቤተ መጻሕፍቱ መጠባበቂያ ነው።

ሦስተኛው ከስልካችን ጋር የመጣ ነው። ዛሬ ብዙ የአማርኛ ልብ ወለድ ያለፈቃድ ስካን ተደርጎ በቴሌግራም ይላካል። «ይህም መዋዋስ አይደለም ወይ?» የሚል ወጣት አለ። የወጣቱን የማንበብ ጉጉት አከብራለሁ፤ መጽሐፍ ተወዷል፣ የተማሪ ኪስ አይችለውም። ነገር ግን ልዩነቱን እንይ። መጽሐፌን ሳውስህ እኔ ዘንድ አይኖርም፤ አንድ የተገዛ ቅጂ አንድ ሆኖ ነው የሚዞረው። ፋይል ስልክልህ ግን እኔም አለኝ፣ አንተም አለህ፣ ነገ አሥር ሺህ ሰው ይኖረዋል፤ ደራሲው ግን የአንዱንም ዋጋ አላገኘም። አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲውን መብት በሕይወት ዘመኑና ካረፈ በኋላም ለ50 ዓመት ይጠብቃል። ሐዲስ ዓለማየሁ ያረፉት በ1996 ዓ.ም ስለሆነ የእሳቸው ሥራ ገና ለብዙ ዓመት በሕግ የተጠበቀ ነው። ከሕጉም በላይ ሌላ ነገር አለ። ፋይል ሲላክ ሰው ከሰው አይገናኝም። መጽሐፍ ሲዋዋሱ ግን ሁለት ጊዜ ይገናኛሉ፤ ሲቀበሉና ሲመልሱ። ሲመልሱ ደግሞ «እንዴት አገኘኸው?» መባሉ አይቀርም። ያ ጥያቄ ነው አንባቢ የሚያፈራው።

ስለዚህ ለገራዶ አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። አዲስ ድርጅት አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ቤታችን ውስጥ አለ። ቅሬያችንን ተመልከቱ። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በአንድ ቅሬ ይቀብራል፣ ይደግሳል። የቅሬው ድንኳን፣ ድስት፣ ሰሃንና ወንበር በየቤቱ ይዞራል። ዕቃው ሲወጣ በደብተር ይመዘገባል፤ ሲመለስ ተቆጥሮ ይገባል፤ የተሰበረ ካለ ይተካል። አንድ ሰሃን ጠፍቶ በዝምታ ሲታለፍ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ምክንያቱ ቅጣቱ ብቻ አይደለም፤ ነገ እኔም እንደሚያስፈልገኝ ሁሉም ስለሚያውቅ ነው። መጽሐፍም እንዲሁ ይመዝገብ፣ እንዲሁ ይመለስ።

በቁጥር እንየው። አምስት ቅጂ «ፍቅር እስከ መቃብር» እንግዛ። በደሴ የመጽሐፍ መደብሮች ይገኛል፤ ቅሬው፣ ነጋዴው፣ ከውጭ አገር የሚረዱን ልጆቻችን አንድ አንድ ቅጂ ቢችሉ ይበቃል። ለአንድ አንባቢ ሦስት ሳምንት እንስጥ። በቀን 25 ገጽ ያነበበ ሰው በሦስት ሳምንት 525 ገጽ ያነባል፤ መጽሐፉን ከሞላ ጎደል ይጨርሳል ማለት ነው። አንድ ቅጂ በዓመት 17 ሰው ያዳርሳል፤ አምስቱ 85 ሰው ያዳርሳሉ። በየቤቱ አንድ አድማጭ ቢጨመር 170 ሰው ይሆናል። ይህን ያህል ሰው በአንድ ዓመት አንድ መጽሐፍ አንብቦ የሚነጋገርባት ትንሽ ከተማ ብዙ አትገኝም።

ደንቡ አጭር ይሁን። ወሳጁ ስሙንና ቀኑን ይጻፍ። መጽሐፉ በላስቲክ ይለበጥ፤ ከሸንኮራውና ከቲማቲሙ ጋር በአንድ ከረጢት አይጓዝ። የተቀደደ ገጽ ካለ አይደበቅ፤ በዱቄት ሙጫና በስስ ወረቀት ይጠገናል፤ ልጆቹ በትምህርት ቤት ቢማሩት ጥሩ ሥራ ነው። በኅዳጉ ላይ መጻፍ የሚፈልግ በእርሳስ ይጻፍ፤ እኔ አልከለክልም፤ ከእኔ በፊት ያነበበው ሰው ምን እንደተሰማው ማየት ይጠቅመኛል። የመለሰ ሰው ደግሞ ለተረኛው በገዛ እጁ ያስረክብ፣ ስለ መጽሐፉም ጥቂት ይጫወቱ። ይህ የደንቡ ዋና አንቀጽ ነው።

ዓይናቸው ለደከመና ማንበብ ላልቻሉ ሽማግሌዎችና እናቶች ደግሞ ንባብ ይዘጋጅ። አንድ ገጽ ጮክ ብሎ ለማንበብ ሦስት ደቂቃ ይፈጃል ብንል መጽሐፉ ከ25 ሰዓት ትንሽ ይበልጣል። በሳምንት አንድ ቀን ለአንድ ሰዓት ተኩል ቢነበብ በአራት ወር ያልቃል። ቡና እየተፈላ ሊነበብ ይችላል። አንባቢዎቹ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ይሁኑ። ተማሪው አማርኛውን ያጠራል፤ ሽማግሌው ደግሞ ልጁ የማያውቀውን ያስረዳዋል፤ ጉልት ምን እንደነበረ፣ መታያ ለምን እንደሚሰጥ፣ ጭሰኛ ማን እንደነበረ። እነዚህን ነገሮች ከመጽሐፉ ጋር አገናኝቶ የሚያስረዳን ትውልድ በሕይወት ያለው አሁን ነው። አሥር ዓመት ከቆየን መጽሐፉ ይኖራል፤ የሚያስረዳን ሰው ግን አይኖርም።

ይህ ከተሳካ ወደ ሁለተኛው መጽሐፍ እንሄዳለን፤ የዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ» አለ፣ የበዓሉ ግርማ «ከአድማስ ባሻገር» አለ፣ «ኦሮማይ» አለ። ኮምቦልቻ ላይ በፋብሪካ ሠራተኞች መካከል፣ ደሴ ላይ በየትምህርት ቤቱ ተመሳሳይ ሊጀመር ይችላል። ከዚያ መጻሕፍቱን በከተሞቹ መካከል መለዋወጥ ነው፤ ከገራዶ ደሴ በየቀኑ የሚመላለስ ሰው ሞልቷል።

ስለ ቀድሞ አንባቢዎች ብዙ ተናግሬያለሁ። እነሱ መብራት አልነበራቸውም፣ ገንዘብ አልነበራቸውም፣ አንዳንዶቹ ነፃነትም አልነበራቸውም፤ መጽሐፉን ግን ለእኛ አድርሰዋል። ከእኛ የሚጠየቀው ከእነሱ እጅግ ያነሰ ነው። እንግዲህ የመጀመሪያዎቹ አምስት አንባቢዎች ዛሬ፣ ከዚህ ሳትወጡ፣ ስማችሁን አስመዝግቡ። ስድስተኛው ሰው ከሦስት ሳምንት በኋላ እየጠበቃችሁ መሆኑን ግን አትርሱ።